የሰመጠችው ጀልባ ባለቤት

አንድ ቀን፣ ጣና ዳር ሰንበሌጥ በምትባል ትንሽ ወደብ፣ የአቶ መኳንንት የብረት ጀልባ በጠራራ ፀሐይ ሰመጠች። ማዕበል አልነበረም፤ ነፋስም አልነበረም፤ የነበረው ሲሚንቶ ነው። አቶ መኳንንት አርባ ኩንታል የምትችለውን ጀልባ ሰባ ኩንታል ጫኑባት፤ «አሁንም ቦታ አላት» ብለው ደግሞ ስድስት በርሜል ናፍጣ ደረቡባት።

ካፒቴኑ ፈራ ተባ እያለ፣ «ጋሼ፣ ውኃው ከጠርዟ ጋር እኩል ሆነ እኮ» ቢላቸው፣

«እኩል ከሆነ ምን አለበት? ሲበልጥ ንገረኝ» አሉት።

ከወደቡ አፍ ሳትርቅ በለጠ። ካፒቴኑ ሊነግራቸው ዞር ሲል የቆመባት ጀልባ ከእግሩ ሥር ሄዳለች። እሱና ሁለቱ ሠራተኞች እየዋኙ ወጡ። አቶ መኳንንት ዳር ላይ ቆመው መጀመሪያ የጠየቁት «ሲሚንቶው ራሰ?» ብለው ነው።

ሰው አልሞተም፤ እሱ ተመስገን ነው። ጀልባዋ ግን እዚያው የወደቡ አፍ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። ቦታው ጥልቅ ስላልሆነ ጣራዋ ከውኃው በታች አንድ ክንድ ብቻ ነው የገባው። ከላይ ለሚያይ ምንም የለም፤ ሐይቁ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ከሥር ግን የተቀደደው የጣራዋ ቆርቆሮ እንደ ቢላ ተገትሮ የሚመጣውን ይጠብቃል። ናፍጣውም ከየበርሜሉ ቀስ እያለ ይወጣና ውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ይሠራል።

ሰንበሌጥ ደግሞ ዝም ብላ ወደብ አይደለችም። ማዶ ያለው ደሴት ሕዝብ ወደ ገበያም፣ ወደ ጤና ጣቢያም የሚሻገረው በእሷ ብቻ ነው። የሚያሻግረው አለበል ነው። አለበል ከደንገል የተሠራች ታንኳ አለችው፣ ሚስት አለችው፣ አራት ልጆች አሉት፤ ከሁሉም በላይ ግን አፍ አለው። የሰንበሌጥ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ፣ «አለበል ቢሰምጥ እንኳ አፉ ይንሳፈፋል» ይላል።

በማግስቱ አለበል አቶ መኳንንት ሱቅ ሄደ። አቶ መኳንንት ወፍጮ ቤት አላቸው፣ ሱቅ አላቸው፣ የሲሚንቶ መጋዘን አላቸው። ሻይ የጋበዙት ሰው ስኳር ሲጠይቃቸው ስለ ስኳር በሽታ የሚመክሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ መኳንንት፣ ጀልባዎን ከመንገዳችን ላይ ያንሱልን» አላቸው አለበል።

«የትኛዋን ጀልባ?»

«የሰመጠችዋን ነዋ።»

«እሷማ ሰመጠች!» አሉ፤ አዲስ ወሬ እንደሚነግሩት ሁሉ። «ለሰመጠ ነገር ምን ይደረጋል? ኢንሹራንስ ገብቼላታለሁ። ጥያቄ ካለህ እነሱን ጠይቅ።»

«ታንኳዬን ሊቀድዳት የተዘጋጀው የእርስዎ ቆርቆሮ ነው እንጂ የእነሱ አይደለም።»

«ዞረህ ሂዳ!»

«በየት በኩል ልዙር? በግራ ድንጋይ ነው፤ በቀኝ ጉማሬ ነው።»

«እንግዲያው ጉማሬውን አስፈቅድ» አሉና ወደ ሚዛናቸው ዞሩ።

ከሳምንት በኋላ የኢንሹራንሱ ሰው ከከተማ መጣ። ሚኪያስ ይባላል፤ ከመኪናው ሳይወርድ ብርቱካንማ የሕይወት ጃኬት ለብሶ፣ ክራቫቱን በላዩ ላይ አውጥቶ፣ ካሜራ አንግቶ ነው የመጣው። ዳር ላይ ቆሞ ውኃውን ከግራም ከቀኝም ፎቶ አነሳው። የወደቡ ሰው ከበበው። ውኃ ፎቶ ለማንሳት ያን ያህል መንገድ የመጣ ሰው አይተው አያውቁም።

አለበል ቀረብ አለው። «ጌታው፣ እንደምን ሰነበቱ? ይቺን ነገር መቼ ነው የምታነሱልን?»

«እኛ አናነሳም። እኔ የመጣሁት ባለቤቱ ለጀልባዋ ካሣ ስለጠየቁ፣ እሱን ላጣራ ነው።»

«ማን ያነሳታል ታዲያ?»

ሚኪያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኸውልህ፣ እኛ የሸፈንነው ጀልባ ነው። ጀልባ ማለት የሚንሳፈፍ፣ የሚሄድ ነገር ነው። አሁን እዚያ ያለው አይንሳፈፍም፣ አይሄድም። እሱ በእኛ አሠራር ስብርባሪ ነው የሚባለው። ስብርባሪ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።»

አለበልም፣ «የሕይወት ኢንሹራንስም ትሸጣላችሁ ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?» አለው።

ሚኪያስ ፊቱ በራ። «በደንብ እንጂ! በጣም ጥሩ ጥሩ አማራጮች አሉን!» ብሎ ከቦርሳው ወረቀት ሊያወጣ እጁን ሰደደ።

«ታዲያ ሰውዬው የሞተ ዕለት ለልጆቹ፣ ‹እኛ የሸፈንነው የሚተነፍሰውን አባታችሁን ነበር፤ ይሄኛው ሌላ ነው› ነው የምትሏቸው?»

ወደቡ በሳቅ ተናወጠ። ሚኪያስም ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቅ ቀደመው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰዉ በተን ሲል አለበልን ወደ መኪናው ወሰድ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ነገረው።

«ስማኝ ወንድሜ። ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። ባለቤቱ ስብርባሪውን እንዲያነሳ ሕግ ካስገደደው፣ የማንሻውን ወጪ እኛ እንችላለን። የመጀመሪያዋን ትንሽ ድርሻ ብቻ ባለቤቱ ከኪሱ ያወጣል።»

«ከማን ኪስ?»

«ከአቶ መኳንንት ኪስ።»

«እንግዲያው አለቀልን» አለ አለበል።

በዚያው ሰሞን ጉዳዩ ይመለከተኛል የሚል አንድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ስብርባሪው እስኪነሳ ድረስ ሰንበሌጥ ወደብ ተዘግታለች ይላል። ማን እንደሚያነሳው አይልም። ሁለት ሰዎች መጥተው ዳር ያለው ዋርካ ላይ «አደገኛ ነው! መቅረብ ክልክል ነው!» የሚል ሰሌዳ በሚስማር መቱና ሄዱ። ሰሌዳው ወደ መሬት ዞሮ ነው የተሰቀለው። ከደሴቱ የሚመጣ ሰው ማስጠንቀቂያውን ለማንበብ መጀመሪያ ስብርባሪውን አልፎ መውጣት ነበረበት።

የመጀመሪያው ቅምሻ የደረሰው ለቄስ አስረስ ነው። ደሴቱ ላይ ክርስትና ነበረና አለበል ይዟቸው ወጣ። ቀስ ብሎ፣ በመቅዘፊያው ውኃውን እየጎረጎረ ሊያልፍ ሲል ታንኳዋ ቆርቆሮው ላይ ወጣች፤ ዘንበል አለች፤ ቄሱ ከነጥምጣማቸው ሐይቅ ውስጥ ገቡ። አለበል በነጠላቸው ጎትቶ አወጣቸው። ጥቁር ነገር ከጢማቸው ይንጠባጠባል።

«አለበል» አሉት እየተፉ፣ «ምን ውስጥ ነው የነከርከኝ?»

«ናፍጣ ነው አባ።»

የደሴቱን ሰው ሁሉ ያጠመቁት ቄስ እንዲህ ሆነው ራሳቸው ተጠመቁ። ሽታው አልለቃቸው ብሎ ዲያቆናቱ ለሁለት ሳምንት ሻማ አጠገብ አላስቆሟቸውም። ሰዉም ሳቀ፤ እሳቸውም በኋላ ሳቁ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በሦስተኛው ሳምንት ደብሬ የምትባል የደሴቱ ሴት ምጥ ያዛት። አለበል እሷንና አማቷን ታንኳዋ ላይ አሳፍሮ መቅዘፍ ጀመረ። ወደቡ ጋ ሲደርስ ነፋስ ተነስቷል፤ ውኃው ደፍርሷል፤ ቆርቆሮው የት እንዳለ አይታይም። ጤና ጣቢያው ከፊቱ ነው፤ ቀይ መስቀሉ እንኳ ይታየዋል። አንድ ጊዜ ገፋ አደረገና ብረቱ ከታንኳዋ ሥር ሲፍቅ ሰማ። ቄሱን በነጠላ ጎትቶ አውጥቷል፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ግን በምን ይዞ እንደሚያወጣ አላወቀም። ታንኳዋን አዞረ። ቄጠማ ለቄጠማ፣ ጉማሬው ባለበት በኩል፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ቀዘፈ። ደብሬ ታንኳዋ ላይ ወለደች። አማቷ በነጠላ ተቀበለቻት፤ ሕፃኗ አለቀሰች፤ እናትየዋ ግን ደሟ አልቆም አለ። አለበል ባሕሩ ዳር ሲደርስ በጀርባው ተሸክሟት ሮጠ።

ሁለቱም ተረፉ። አዋላጇ፣ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…» ብላ ወደ ደብሬ ተመለሰች። አለበል ጤና ጣቢያው ደጃፍ ተቀመጠ። ሰዎች መጥተው «እንዴት ሆነ?» ሲሉት የተናገረው ነገር የለም። ያን ቀን የአለበል አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰመጠ።

በማግስቱ የሰንበሌጥ ታንኳ ቀዛፊዎች ተሰብስበው ከሰሱ። አንደኛ ተከሳሽ አቶ መኳንንት፣ ሁለተኛ ተከሳሽ ኢንሹራንሱ። ከሳሾቹን ወክሎ የሚናገረው አለበል ሆነ፤ ማንም አልተወዳደረውም።

ችሎቱ ሰው በሰው ሆነ። ቄስ አስረስ አሉ። ደብሬ ከነልጇ ከኋላ ተቀምጣለች። ከፊት ያለው አግዳሚ ላይ የአቶ መኳንንት ሚስት ወይዘሮ የሻረግ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አቶ መኳንንት ጠበቃ አላቆሙም፤ አንዱ ጠበቃ ዋጋውን ሲነግራቸው «በዚህ ዋጋማ ሌላ ጀልባ እገዛለሁ» ብለው ትተውት መጥተዋል። ዳኛ እናኑ መነጽራቸውን አደረጉና፣ «አንደኛ ተከሳሽ፣ ይናገሩ» አሏቸው።

አቶ መኳንንት ኮታቸውን ቆለፉ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ጀልባ የነበረኝ ከውኃ በላይ ሳለች ነው። አንድ ነገር ውኃ ውስጥ ከገባ ከባለቤቱ እጅ ወጣ ማለት ነው። ከሰመጠችበት ደቂቃ ጀምሮ ትቻታለሁ። ሐይቁ ወስዷታል፤ ሐይቁ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ያንሳት። እኔ ባለቤቷ አይደለሁም! ድርጅቴም ቢሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የተወሰነ ነው!»

«እስከ ስንት ክንድ ጥልቀት ነው የተወሰነው?» አለ አለበል ከተቀመጠበት።

«ከሳሽ! ሳይፈቀድልዎ አይናገሩ» አሉ ዳኛዋ። ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ።

ተራው ደረሰና አለበል ተነሳ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፋ አደረገ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ ሕግ አልተማርኩም። ጋሼ መኳንንት ያሉት ነገር በትክክል እንዲገባኝ ነው የምጠይቀው። ውኃ የገባ ነገር ባለቤት የለውም ነው ያሉት?»

«ብያለሁ!» አሉ አቶ መኳንንት፤ ክርክሩን ያሸነፉ መስሏቸው ድምፃቸው ከፍ ብሏል። «ውኃ ከገባ ባለቤት የሚባል ነገር የለም! ይመዝገብልኝ!»

«ይመዝገብላቸው» አለ አለበል ረጋ ብሎ፤ ጸሐፊው ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀው። «እንግዲህ ክቡር ዳኛ፣ ጋሼ መኳንንት እሁድ እሁድ ሐይቅ ገብተው ይዋኛሉ። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይቆያሉ። እኔ በታንኳዬ ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ባለቤት የላቸውም ማለት ነው። ታዲያ እዚህ የተቀመጡት እትዬ የሻረግ የማን ባለቤት ናቸው?»

ችሎቱ ፈነዳ። ቄስ አስረስ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የበሩ ፖሊስ ወደ ግድግዳው ዞረ። አቶ መኳንንት ዞር ብለው ሚስታቸውን አዩ፤ ሚስታቸው አልሳቁም።

«መኳንንት» አሉ ወይዘሮ የሻረግ፣ «‹ይመዝገብልኝ› ብለሃል እኮ።»

ዳኛ እናኑ ጠረጴዛውን መቱ። ሳቁ ረገብ ሲል አለበልም ፊቱ ተለወጠ።

«ክቡር ዳኛ፣ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ይሄ ሳቅ የለበትም። እዚያ ኋላ የተቀመጠችው ደብሬ ጤና ጣቢያውን በዓይኗ እያየች ቄጠማ ውስጥ ወልዳለች። ልትሞት ነበር። ብትሞት ኖሮ ‹ባለቤቱ እኔ ነኝ› የሚል እንደማይገኝ ዛሬ ሰማን። እሺ፣ ይሁን። ግን ጋሼ መኳንንት የጀልባዋ ባለቤት ካልሆኑ፣ ለኢንሹራንሱ ‹ካሣ ስጡኝ› ብለው የጻፉት ምኗ ሆነው ነው?»

ሚኪያስ ከወንበሩ ብድግ አለ። ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ማመልከቻው ይኸው። ‹እኔ የጀልባዋ ሕጋዊ ባለቤት› ይላል፤ ፊርማቸውም አለበት። ዛሬ ባለቤት አይደለሁም ካሉ ግን ድርጅታችን ቅሬታ የለውም። ደስ ብሎን ፋይሉን እንዘጋለን። ባለቤት ለሌለው ጀልባ ካሣውን ለማን እንከፍላለን? ለጉማሬው?»

የአቶ መኳንንት ላብ ከግንባራቸው ወረደ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ መኳንንት፣ አንዲት ጥያቄ ናት። ነኝ ወይም አይደለሁም ብለው ይመልሱ። ባለቤት ነዎት ወይስ አይደሉም?»

አቶ መኳንንት ሚኪያስ እጅ ላይ ያለችውን ወረቀት አዩ። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ። ከዚያ ደግሞ ወረቀቷን አዩ።

«ነኝ» አሉ።

«አልተሰማም።»

«ነኝ! ባለቤት ነኝ አልኩ!»

የችሎቱ ጸሐፊ ሥራውን አክባሪ ሰው ነው። ብዕሩን ከወረቀቱ አንስቶ በትሕትና ጠየቃቸው፤

«ለመዝገቡ ነው ጌታዬ። የጀልባዋ ነው ወይስ የወይዘሮዋ?»

«የሁለቱም!» ብለው ጮኹ አቶ መኳንንት።

«ተመዝግቧል» አለ ጸሐፊው።

ዳኛ እናኑ እዚያው ላይ ወሰኑ። የጀልባዋ ባለቤት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ስብርባሪውን ከነበርሜሎቹ ከወደቡ አፍ እንዲያነሱ፣ የፈሰሰውንም ናፍጣ እንዲያስጠርጉ፤ ወጪውን በውሉ መሠረት ኢንሹራንሱ እንዲችል፤ የመጀመሪያዋ ድርሻ ከአቶ መኳንንት ኪስ እንድትወጣ። ሰዉ ሲያጨበጭብ አለበል አላጨበጨበም። ወደ ኋላ ዞሮ ደብሬን አያት፤ እሷ ልጇን እያጠባች ነበር፤ አንገቷን ነቀነቀችለት። ያን ጊዜ ባርኔጣውን አደረገ።

ውጭ ሲወጡ አቶ መኳንንት በንዴት ተክነው ነበር። «ይግባኝ እላለሁ!» አሉ ጣታቸውን አለበል ላይ እያወዛወዙ። «ሲያስፈልግ እስከ ላይ ድረስ እሄዳለሁ! ይግባኙ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ እዚያው ትተኛ!»

አለበል መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ወይዘሮ የሻረግ ግን በእጃቸው ዝም በል አሉትና፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ባላቸው ፊት ቆሙ።

«መኳንንት፣ ደህና አድርገህ ስማኝ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እሷ ካልወጣች፣ እኔ እወጣለሁ።»

ጀልባዋ በዘጠነኛው ቀን ወጣች።